የውሰት መጻሕፍት

«ቀስ ብለው ያውርዱት አባባ፣ ነገ የሚመለስ የውሰት ዕቃ ነው» አለኝ የአይሱዙው ሾፌር። መኪናው ሙሉ የመጽሐፍ ካርቶን ነው። ቃሊቲ በዘበኝነት በምሠራበት የግል ዩኒቨርሲቲ ይህን ያህል መጽሐፍ አይቼ አላውቅም። ፊደል ባልቆጥርም ባዶ መደርደሪያ አይጠፋኝም።

ከሰዓት በኋላ፣ ከመንግሥትና ከግል ዩኒቨርሲቲ የቱ እንደሚሻል የሚያጠኑ ሰዎች መጡ። የሞላውን መደርደሪያ አይተው ጻፉ። ልጄ ሩቅ አገር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደርሷት፣ እዚሁ አጠገብህ ካልተማርኩ ብላ አስጨንቃኛለች። ስለዚህ ሲወጡ ከመካከላቸው አንዷን ወጣት በሩ ላይ አቆምኳትና ልጄን የት ላስገባት አልኳት።

«ምነው፣ እዚህ አልወደዱትም?»

«መጻሕፍቱ ከሰነበቱ እወደዋለሁ።»

ወደ ፎቁ አየች። ቀጥሎ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የመንግሥቱንም አይተነዋል አባባ፤ እኛ ስንደርስ የቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ቀለም ገና አልደረቀም ነበር» አለችኝ።