ገለቴ የተነጠቀችው ጀሪካን

የተከበራችሁ ካህናት አባቶቻችን፤ የእድራችን ዳኛ ኦቦ ጎበና፤ ከሰበታና ከቡራዩ ማልዳችሁ ሱሉልታ የገባችሁ እህቶቼ፤ የቀራችሁትም፣ ለወሬ የመጣችሁትን ጨምሮ፣ እንደምን ዋላችሁ። ዲሪርሳ ወንድሜ፣ ሚስትህን ለምትቀብረው ላንተ እግዜር ያጽናህ።

ብርሃነሽ እባላለሁ። እንደ ገለቴ ከጡት ካንሰር የተረፍኩ ነኝ። ክንዴም እንደ እሷ ነው፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ፈሳሹ መውረጃ አጥቶ አብጦ የቀረ። በጎን እየሰረቃችሁ ከምታዩት ፊት ለፊት እዩት።

ገለቴን ምን ገደላት? ፍሬኑ እምቢ ያለው የጠጠር መኪና በጫንጮ መንገድ ወርዶ ገጫት። ይህን የማያውቅ የለም። ትናንት ግን ድንኳኑ ውስጥ አንዷ፣ "ድሮም ያ ክብደት ማንሳት ነው የጨረሳት" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። አጠገቧ ያለችውም ራሷን ነቀነቀች። ሰው በመኪና ተገጭቶ ይሞታል፣ ጥፋቱ የክንዱ ይሆናል።

ከሕክምና እንደተመለሰች፣ የመጀመሪያው ልቅሶ ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ? ሴቶቹ ድስት ያወርዳሉ፣ ሰሃን ያጥባሉ። ገለቴም ጀሪካን ያዘች። ተረባርባችሁ ነጠቃችኋት። ቁጭ በይ፣ አንቺ መትረፍሽም ይበቃናል አላችኋት። እድርተኛዋን እንደ እንግዳ አስቀምጣችሁ ቀድማችሁ አጎረሳችኋት። ደግነት መሰላችሁ። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ እህሉን መዋጥ አቅቷት አለቀሰች። አያችኋት? የት አይታችሁ። ከንፈር ለመምጠጥ ቸኩላችሁ ነበር።

ሆስፒታል ያለችው ፊዚዮቴራፒስት፣ ክንድሽን አትፍሪው አለቻት። እብጠቱን የሚጫነውን ጠባብ እጅጌ አጥልቂ፣ ከቀላል ክብደት ጀምሪ፣ ቀስ እያልሽ ጨምሪ፤ እብጠቱ ከባሰ አቁመሽ ነይ። በቃ ይኸው ነው። ይህን ለመረዳት ስንት ዓመት ይፈጅባችኋል?

እኔና እሷ ጂም ሄድን። ባለቤቱ የራሱን ክንድ በመስታወት እያየ፣ "ማዘር፣ እዚህ እንዳትሞቱብኝ" አለን። ወጣን። ገለቴ በውሃ ፕላስቲክ አሸዋ ሞልታ ግቢዋን ከፈተችልን። እንደኛው ክንዳቸው ያበጠ ሴቶች ከሰበታ መጡ፣ ከቡራዩ መጡ። እናንተ በአጥር ቀዳዳ እያያችሁ ሳቃችሁ፤ እኛ አነሳን። እጅጌው ክንዳችንን ጨመቀው፤ እኛ አነሳን። ከኛ አንዷ፣ ኤቢሴ፣ ልጇን ዳግም አቀፈች፤ እኛ አነሳን። አንድም ክንድ አልፈነዳም። ስትጠብቁ ለነበራችሁ ይቅርታ።

ባለፈው ወር የኦቦ ጎበና እናት አረፉ። ገለቴ ከቀብር የሚመለሰውን ሰው እጅ ልታስታጥብ ሙሉ ጀሪካን ብድግ አድርጋ በር ላይ ቆመች። ያነሳችውም ባበጠው ክንዷ ነበር። ኦቦ ጎበና፣ እርስዎ መጥተው ነጠቋት። እኔ እያለሁ በሽተኛ አይሸከምም አሉ። እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ኦቦ ጎበና፣ በሽተኛ አይደለሁም። ተራዬ ነው፣ ይመልሱልኝ" አለችዎ።

አልመለሱላትም። ሰዉም ዳኛችን እንዴት ያለ ሩኅሩኅ ነው ብሎ አደነቀዎ። እሷ ባዶ እጇን በነጠላዋ ሸፍና ተቀመጠች። ቀጣዩ ልቅሶ የራሷ ሆነ።

ገለቴ፣ ስሚኝ። ያንን ደግነታቸውን ለራሳቸው ያድርጉት፤ እኛ አንፈልገውም። ዛሬ ከዚህ ስንመለስ በርሽ ላይ የምንቆመው እኛ ነን፤ እኔ፣ ኤቢሴ፣ እነዚህ ያበጡ ክንዶች ሁሉ። ጀሪካኖቹ ተሞልተው ይጠብቁናል። ለቀስተኞች፣ የናንተ ሥራ እጅ መዘርጋት ብቻ ነው፤ እሱ አይከብዳችሁም።

ነጋቲ ገለቴ፣ ጓዴ። ደህና ሁኚ። ተራሽን እኛ እንወጣልሻለን።

ኦቦ ጎበና፣ መጀመሪያ የሚታጠቡት እርስዎ ነዎት።