ሁለት ሳህን የቦሎቄ ሾርባ

ህይወት ሰኞ ወደ መጋዘን ሥራዋ ትመለሳለች። አራስነቷ አልቋል። ሕፃኑን የሚይዙላት የባሏ የግዛቸው እናት፣ ወይዘሮ ዓለምጌጥ ናቸው። ከአዲስ አበባ ባሕር ማዶ፣ ሜስኪት ከተማ ድረስ የመጡትም ለዚሁ ነበር።

ትናንት ግን ክፉ ነገር ሆነ። ለፈረንጆች ገና መሥሪያ ቤቷ ከሰጣት የተርኪ ሃም ሥጋ የተረፈውን ከታትፋ፣ ከቆርቆሮ ቦሎቄ ጋር ሾርባ ሠራችበት። የፈረንጆች ገና በእኛ ጾም መሀል እንደሚውል እንቅልፍ ማጣቱ አስረስቷታል። አማቷ ቦሎቄውን አይተው የጾም ነው ብለው ሁለት ሳህን ጠጡ። ሥጋው የተገኘው ከሁለተኛው ሳህን ሥር ነው።

ከዚያ ወዲህ አላናገሯትም። ዛሬ እሷ ልጇን አዝላ ዕቃ ስታጥብ፣ እሳቸው ሶፋው ላይ ሆነው እዚያው አገር አዲሰን የምትባል ከተማ ለሚኖሩት እህታቸው ደወሉ። ድምፃቸው ከወትሮው ከፍ ብሏል።

«እህት ዓለም፣ እንዴት ዋልሽ? ብርዱስ? እኛ ጋ ነፋስ ብቻ ነው… ጉልበቴ ደህና ነው። ሕፃኑም ወፍሯል። አባቱን ነው የሚመስለው፣ ተመስገን።

«ጾሙ እንዴት ይዞሻል? እኔስ አንዲት ባለሙያ አግኝቼ ተገላገልኩ። ስሟ ምን ያደርግልሻል? እንዴት ያለች ቆጣቢ መሰለችሽ! ቆርቆሮ ትከፍታለች፣ ከፍሪጅ ትራፊ ታወጣለች፣ ዞር ብለሽ ስትመለሺ ሾርባው ደርሷል። እኛ ሞኞቹ ሽንኩርት ስናቁላላ አረጀን… ምን አተረፍን?

«ደግሞ ትሕትናዋ! ሥጋውን ከሥር አድርጋ ቦሎቄውን ነው ከላይ የምታሳይሽ። ‹ሥጋ አበላሁ› ብላ አትኩራራም። አሁን እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል?

«ኧረ አልተቆጣሁም! ምን በድላኝ? አሮጊቷን ጾም ጎዳት ብላ አዝና ነው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ? እሷ ደግሞ ደግሳ ከእግዜር ታጣላሻለች… ለንስሐ አባቴ ምን ልበላቸው? ‹አባቴ፣ ጣፈጠኝና ደገምኩ› ልበል? መጣፈጡንማ ምን እዋሻለሁ።

«እናቷን አላውቃቸውም። ሲያሳድጓት ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል… ጾም ማስተማር ጊዜ ይፈልጋላ።»

ህይወት አረፋው እጇ ላይ እንዳለ ውኃውን ዘጋች። የሰኞው ነገር፣ አማቷ ሕፃኑን ይያዙላት ወይስ ትተዋት ይሂዱ፣ አሁን እንደሚታወቅ ገብቷታል። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ተንፈራገጠ።

«ምን? አንቺ ጋ ልምጣ? ወዴት ሄጄ! እንዲህ ያለ ሙያ ትቼ? እንዲያውም ቪዛውን ስድስት ወር እንዲያራዝምልኝ ለግዛቸው ነግሬዋለሁ። ሁዳዴ እየመጣ አይደል… ድስቱን ማን ከፍቶ ያያል?

«ይልቅ አብረን እንመርቃት። እጇን ይባርክላት። ልጇን ያሳድግላት፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃላት። ሲያገባም ልክ እሷን የመሰለች ሚስት ያምጣላት… በእርጅናዋም አብስላ የምታበላት ያችው ምራቷ ትሁን። አሜን በይ እንጂ፣ እህት ዓለም!»