ያልታዘዘው ጥሩንባ

ሐምሌ ነው፣ ጠዋት፣ ዝናብ፤ የእድሩ ዳኛ አቶ ባንትይርጉ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ጨብጠው በረንዳቸው ላይ ቆመዋል፤ በዕድሜ የሚበልጧቸው ጎረቤታቸው እትዬ ደብሪቱ በርጩማ ስበው ተቀምጠዋል።

ባንትይርጉ፦ አልሰጥም አልኩ እኮ፣ እትዬ ደብሪቱ! ድንኳኑ የአባላት ነው። ሟቹ ቢተው አባል አልነበረም።

ደብሪቱ፦ ዛሬ ባይሞት ኖሮ ድንኳንህን ማን ይጠይቅህ ነበር?

ባንትይርጉ፦ አንድ ቀን ቀብር ላይ አካፋ ጨብጧል? «እድር ግባ» ስንለው «እኔ የመሞት ሐሳብ የለኝም» ብሎ ያላገጠብን ሰው!

ደብሪቱ፦ ይኸው ሐሳቡን ቀየረ።

ባንትይርጉ፦ አያስቁኝ፣ ሬሳ አለ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች።

ደብሪቱ፦ የበጠሰው እሱ፣ ያጠረባት ሚስቱ አሰለፈች! ያለቻት አንዲት ክፍል ናት፤ እሷንም ሬሳው ሞልቷታል። ለቀስተኛው ይህን ዝናብ ተሸክሞ ይቁም?

ባንትይርጉ፦ ሕግ ነዋ።

ደብሪቱ፦ ማን ጻፈው?

ባንትይርጉ፦ እኔ።

ደብሪቱ፦ ሙሴ መስሎኝ ፈርቼ ነበር።

ባንትይርጉ፦ ይሳቁ። እናቴን ስቀብር ቢተው በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ አይቶኝ ገባ። እግዜር ያጥናህ እንኳ አላለኝም። እስከ ዛሬ ያመኛል።

ደብሪቱ፦ በድሎሃል። አልዋሽህም።

ባንትይርጉ፦ ታዲያ ምን ስላደረገልኝ ልማረው?

ደብሪቱ፦ ምንም። ላደረገልህ ብትሰጥማ ደሞዝ ነው፤ ምሕረት የት አለበት? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ ሲችል ያልማረም እንደዚያው።

ባንትይርጉ፦ ነገ ሁሉም ሳያዋጣ «ድንኳን ጣሉልኝ» ቢልስ?

ደብሪቱ፦ እስቲ ለድንኳን ብሎ የሚሞት አምጣልኝ!

ባንትይርጉ፦ ቆይ… ይሄ ጥሩንባ ምንድን ነው?

ደብሪቱ፦ የጎሹ ነው። የእድራችን ነፊ አይደል?

ባንትይርጉ፦ እኔ ሳላዝ?

ደብሪቱ፦ ስመጣ በደጁ አልፌ «ዳኛው ለቢተው ንፋ ብሎሃል» አልኩት።

ባንትይርጉ፦ በስሜ ዋሹ?

ደብሪቱ፦ ቀደምኩህ እንጂ መች ዋሸሁ? ስማ፣ ከአጥሩ ማዶ ምን እንደሚሉ። «ባንትይርጉ ቂሙን ጣለ፣ የእናቱን ነፍስ ይማርለት።»

ባንትይርጉ፦ … እናቴንም አነሷት?

ደብሪቱ፦ አነሷት። ካልፈለግህ ውጣና «ምርቃታችሁን መልሱ» በላቸው።

ባንትይርጉ፦ እንኩ ቁልፉን። ትንሹ ድንኳን ያፈሳል፤ ትልቁን ያስወጡ። ያን አካፋዬንም ከጥጉ ያቀብሉኝ።