ደም ሊመልሱ የመጡት አጎት

የአገራችን የፓፑዋ ኒው ጊኒ ነጻነት ሊታወጅ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ፖርት ሞርስቢ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ፣ ከግቢው በር አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር አንድ የደጋ ሽማግሌ ተቀምጠው አገኘሁ። ፊታቸውን የሐዘን ጭቃ ተቀብተዋል።

«ዊትኔን ፈልጌ ነበር፣ ሕግ የሚማረውን። አጎቱ ካዋግሌ ነኝ» አሉኝ።

ዊትኔ ተማሪዬ ነው። በዚያው ሳምንት ታላቅ ወንድሙን የታችኛው ሸለቆ ሰዎች በመሬት ጠብ ገድለውት ነበር። ሽማግሌውን ወደ ቤቴ ወስጄ ልጁን አስጠራሁት። ስኳር ድንች ባቀርብላቸው እጃቸውን አልዘረጉም።

ዊትኔ እንደገባ ጉልበታቸውን አቅፎ አለቀሰ። ሲወጣለት ጠብቀው፣

«የእነሱ ልጅ እዚህ አለ አሉ፤ ሕክምና የሚማር» አሉት።

«ቴይኔ ነው። አለ።»

«ማደሪያውን አሳየኝ። ሌላ አልጠይቅህም።»

ልናገር ስል ዊትኔ በእጁ ከለከለኝ።

«አጎቴ፣ ቴይኔ እኮ ወንድሜን አልገደለም። ያን ቀን እዚህ ከእኔ ጋር ነበር።»

«የገደለውማ ምናምንቴ ነው፤ ቢሞት ምን ይጎድልባቸዋል? ወንድምህን የሚያህል ያላቸው ይኼ የተማረው ብቻ ነው።»

«ነገ እነሱም እንዲሁ ቢያስቡ የሚመጡት ለእኔ ነዋ።»

«አሃ፣ ለነፍስህ ሳስተህ ነው! ጫማ ስታደርግ ልብህን አወለቅህ እንዴ?»

«ይስደቡኝ፣ አባቴም ይስደበኝ። መርዶው የመጣ ቀን ግን ቴይኔ እንደ እርስዎ ጭቃ ተቀብቶ ክፍሌ ገባና መሬት ላይ ተቀመጠ። ‹ወገኖችህ መምጣታቸው አይቀርም፤ እኔ የትም አልሸሽም› አለኝ። ይህን ሰው አሳልፌ አልሰጥም።»

«ለእኛ ልጅ አለቀሰ?»

«አብረን አለቀስን።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ዊትኔ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ።

«ነጮቹ ሹማምንት ሊሄዱ ነው። ከዚያ ማን ይዳኘናል? ባለቤትዎ በምጥ የሞቱት ሐኪም ጠፍቶ አይደል? ሁለቱ ሸለቆዎች ያሏቸው አንድ የሕክምና፣ አንድ የሕግ ተማሪ ነው። ሁለታችንን ቀብራችሁ ባንዲራውን ለማን ልትሰቅሉት ነው? ገዳዩ ይከሰስ፤ ካሳው በአሳማ ይከፈል።»

በዚያ ዘመን ስለ አገር የማይናገር ተማሪ አልነበረም፤ ግቢው በመፈክር ተሞልቶ ነበር። ይህ ልጅ ግን የተናገረው የወንድሙ አፈር ሳይደርቅ ነው፤ ክብደቱም ከዚያ ይመስለኛል።

ካዋግሌ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ለአባትህ ምን ልበለው?»

«ዊትኔ እምቢ አለ ይበሉት።»

«የለም። እኔ ነኝ የተውኩት እለዋለሁ። አንተን እንዲረግም አልፈልግም።»

እንዳሉትም አደረጉ። ገዳዩ ታሰረ፤ ካሳው ተከፈለ። ሴቶች ያለ ጠባቂ እርሻቸው ይወርዱ ጀመር፤ በጠቡ ተዘግቶ የነበረው ትምህርት ቤትም የሁለቱን ሸለቆ ልጆች ተቀበለ። ቴይኔ ሐኪም፣ ዊትኔ ዳኛ ሆነው ተመለሱ።

የዊትኔ አባት ግን ከካሳው ሥጋ አልቀመሱም፤ ካዋግሌንም የመንደሩ ወንዶች አብረው ከሚመክሩበትና ከሚያድሩበት የወንዶች ቤት አስወጧቸው። ከዓመታት በኋላ ስጎበኛቸው ከመንደሩ ዳር ባለች ጎጆ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር።

«ይቆጭዎታል?» አልኳቸው።

«ወንድሜ መንገድ ላይ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። እውነቱን ነው፤ ልጁ ነው የሞተበት» አሉ። «እኔም ብሆን አዞር ነበር። ግን ልጆቹ አሉ፤ ሁለቱም አሉ።»