ንፋስ የደረሰው ይናገር

ክቡራትና ክቡራን፣

ይህን ስንብት ላዘጋጃችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። አለቃ ለስላሳውን ስለገዙ፣ እትዬ ጠቅላይ ብስኩቱን ስለጋገሩ፣ አባ ጥርስ ደግሞ እንግዳ ሳይገባ ብስኩቱን ደጋግመው በመቅመስ ደህንነቱን ስላረጋገጡልን አመሰግናለሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊም የስፌት መኪናቸውን አቁመው መጥተዋል። ለምን እንደመጡ አውቃለሁ፤ ስለ ግድግዳቸው እንዳላወራ ሊጠብቁኝ ነው። አወራለሁ።

ከሁሉም በላይ የማመሰግነው ግን አሮጊቷን ነው። እትዬ፣ ቀና አይበሉ፣ እርስዎን አይደለም። አሮጊቷ ማለት፣ ለማያውቃት እንግዳ፣ ይቺ ከፊቴ የቆመችው የጥገና ቤታችን ማራገቢያ ናት። የሰው ማራገቢያ ስንጠግን ለሷ ጊዜ አጥተን ፍርግርጓ ዝጓል፣ ቀለሟ ተላልጧል፤ ግን ትሠራለች። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ቆማለች። ንፋሷ እንዲህ ኃይለኛ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ወረቀቴን ልትነጥቀኝ ምንም አልቀራት።

እኔ የማውቀው ጀርባዋን ነዋ!

በአሥራ አራት ዓመቴ እዚህ ቤት ስገባ፣ አለቃ እጄን ይዘው አባ ጥርስ ጠረጴዛ ፊት አቆሙኝ። አለቃ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ቤት ውስጥ አጎቴ፣ እዚህ አለቃ ነው የምላቸው። "ከትምህርት ቤት መልስ እዚህ ያቆዩልኝ፤ ቤት ውስጥ ያልፈታታችው ዕቃ የለም" አሏቸው። አባ ጥርስ ይህን ስም ያገኙት የማራገቢያ አንገት የሚያዞሩትን ጥርሳም ጎማዎች ስለሚጠግኑ ነው። በገዛ አፋቸው ውስጥ ያሉት ግን ሦስት ብቻ ናቸው። ይኸው እየሳቁ ነው፤ ቁጠሯቸው፣ ሁሉም ተገኝተዋል።

አባ ጥርስ ያን ቀን ወደ አንድ የተፈታ ማራገቢያ ጠቁመው "ስንት ሞተር አለው?" አሉኝ።

ብልጥ ነኝ ብዬ "ሁለት" አልኩ። "አንዱ ክንፉን ያሽከረክራል፣ አንዱ አንገቱን ያዞራል።"

"አንድ ነው። ክንፉን የሚያሽከረክረው ራሱ ነው አንገቱንም የሚያዞረው። ዙሪና ከኋላው እዪ።"

ዞሬ አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከኋላ አልተነሳሁም። የሞተሩ ዘንግ በጀርባ በኩል ብቅ ይልና ጫፉ እንደ ብሎን ተጠማዞ ይታያል። እሱ በሩጫ እየተሽከረከረ አንዲት ጥርሳም ጎማ ቀስ አድርጎ ይገፋል፤ እሷም ሌላዋን ትገፋለች። መጨረሻ ላይ ትንሽ የብረት ክንድ አለች፤ አንዱ ጫፏ ጎማዋ ላይ፣ ሌላው አንገቱ ላይ ታስሯል። ጎማዋ ስትዞር ክንዷ አንዴ ትገፋለች፣ አንዴ ትስባለች፤ ጭንቅላቱም ግራና ቀኝ ይላል። ያ ሁሉ ጥድፊያ በስተመጨረሻ አንድ ዝግ ያለ መዞር ይሆናል። ጥርስ በሚያህል ነገር እንዲህ ያለ ሥራ እንደሚሠራ ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ስሜ ትንኝ የተባለውም ያኔ ነው፤ ከጀርባ እያንዣበብኩ ንፋሱ አላባርር አለኝ።

"ወደ ላይና ወደ ታችስ?" ብዬ ጠየቅሁ።

"እሱማ በእጅ ነው" አሉና አንገቱ ላይ ያለችውን፣ ቢራቢሮ የምትመስለውን ማጥበቂያ ዳዶ አላልተው ጭንቅላቱን ዝቅ፣ ከፍ አደረጉት። ቀጭ፣ ቀጭ።

እኔም አሰብኩና እንዲህ አልኳቸው፦ "እንግዲያው ማራገቢያ በራሱ የሚያውቀው 'አይሆንም' ማለትን ብቻ ነው። 'እሺ' እንዲል ሰው አንገቱን ማላላት አለበት።"

አባ ጥርስ ወደ አለቃ ጠረጴዛ ሰረቅ አድርገው አዩና "ቀስ በይ፣ ይሰማሉ" አሉኝ።

አለቃን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ጥያቄው ገና ከአፍ ሳይወጣ የአጎቴ ጭንቅላት ጉዞ ይጀምራል። ግራ፣ ቀኝ። ሞተሩ የት እንዳለ እስካሁን አላገኘሁትም።

አሁን ወደ ሕጋችን ልምጣ። ከኔ መምጣት በፊት አለቃና አባ ጥርስ በከሰዓት እረፍት ላይ እኩል ነበር የሚያወሩት አሉ፤ ማንም ማንንም አይሰማም። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ማራገቢያውን እንዳቀፈ በር ላይ ቆሞ ቆሞ፣ የሚያየው ሲያጣ እንዳቀፈ ተመለሰ። ያን ቀን አለቃ ሕግ አወጡ፦ አሮጊቷ መሃል ትቆማለች፣ እየዞረች ታናፍሳለች፤ ንፋስ የደረሰው ይናገራል፣ ያልደረሰው ዝም ይላል። ፍትሐዊ ሕግ ነው፤ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ከጀርባ ሆኜ ያየሁትን ልንገራችሁ። አሮጊቷ ጫፍ ላይ ስትደርስ ትዘገያለች፣ የረሳችው ነገር እንዳለ ሰው ቆም ትላለች፣ ከዚያ ትመለሳለች። መሃሉን ግን እየሮጠች ነው የምታልፈው። እና ማን ጫፍ ላይ ተቀመጠ? በቀኝ አለቃ፣ በግራ አባ ጥርስ። መሃል ማን ቀረ? እትዬ ጠቅላይ። እትዬ ጠቅላይ ይባሉ እንጂ ማንንም አዘው አያውቁም፤ የሚጠቀልሉት የሞተር ሽቦ ነው። ሽቦ የሚጠቀለለው ደግሞ በዝቅተኛ ዱካ ተቀምጦ ስለሆነ፣ ለረጃጅሞቹ ጌቶች የተስተካከለው ንፋስ በእትዬ አናት ላይ ያልፋል። የሻሻቸው ጫፍ ብቻ ውዝውዝ ትላለች። አንድ ቀን ሊናገሩ ሲሉ አለቃ ምን እንዳሉ ታስታውሳላችሁ? "ንፋሱ የደረሰው ሻሹ ነው፤ እሱ ይናገር።"

ስለዚህ እትዬ በግማሽ በግማሽ መናገር ለመዱ። አሮጊቷ ስትሄድ የዓረፍተ ነገሩን ራስ፣ ስትመለስ ጅራቱን። በመሃሉ አባ ጥርስ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ይተርካሉ። አንድ ክረምት ሙሉ እትዬ ስትሄድ "እኔ እኮ ከአባ ጥርስ ጎን..."፣ ስትመለስ "...ብቀመጥ..." ይሉ ነበር፤ የቀረውን የሚሰማ አልተገኘም። ጌቶቻችን ተመካከሩና እትዬ ዱካው ቆርቁሯቸዋል ብለው ደመደሙ። አለቃ ትራስ አመጡላቸው። ይኸው እስከ ዛሬ ተቀምጠውበታል፤ ደህና ትራስ ነው።

ትስቃላችሁ፤ እኔም ስቄያለሁ። ግን እትዬ ሊሉት የፈለጉት ነገር የሚያስቅ አልነበረም።

አባ ጥርስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ስለ አምፖሉ ላውራ። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ አባ ጥርስ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን አምፖል መውቀስ ጀመሩ። "ዛሬ ይሄ ነገር ደከመ" ይላሉ፣ በጠራራ ፀሐይ። አለቃ ይቀይሩላቸዋል። በሳምንቱ አዲሱም ይደክማል። ከዚያ ወዲያ የጎማዎቹን ጥርስ በጥፍራቸው እየዳሰሱ መቁጠር ጀመሩ፤ የተሸረፈ ጥርስ ሲያጠራጥራቸው "ትንኝ፣ ያንቺ ዓይን ሥራ ፈት ነው፣ እስቲ ይሄን እዪልኝ" ይሉኛል። አየሁላቸው። እሳቸው በጣት፣ እኔ በዓይን፣ ስንሠራ ኖርን። የፈተና ሰሞን ግን እኔ ቀረሁ። የልብስ ሰፊያችን ማራገቢያ የተጠገነው በዚያ ሰሞን ነው።

እንግዲህ ግድግዳው እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። እትዬ ልብስ ሰፊ፣ አይሸሹ። ማራገቢያው ክንዱ በተሳሳተ ቀዳዳ ገብቶ፣ አባ ጥርስም ሳያዩት ወጣ። እርስዎም ሄደው ሰኩት፤ ይዞራል፣ በደንብ ይዞራል፤ ግን ከግድግዳው ጥግ እስከ ግድግዳው ጥግ። በማግስቱ ተሸክመውት መጡና "ግድግዳዬ ብርድ ያዘው፣ እኔ ግን ላቤን እየጠረግሁ ነው" አሉን። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። አባ ጥርስም ሳቁ። ከዚያ አጉሊ መነጽራቸውን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት፤ ያን ቀን ደግመው አላወጡትም።

በዚያው ሳምንት እኔ ሌላ ከተማ የቴክኒክ ኮሌጅ መግባቴ ታወቀ። አለቃ ደስ አላቸው፤ ከዚያ ጫፋቸው ላይ ንፋስ ሲደርሳቸው ረጋ ብለው ተናገሩ። ትንኝ ከሄደች የአንገት ሥራ እናቆማለን፣ የተበላሸውን በሙሉ በአዲስ እንቀይራለን፤ አባ ጥርስም ደክመዋል፣ ቤታቸው ይረፉ አሉ። በክፋት አይደለም፤ አጎቴን አውቃቸዋለሁ፣ ሲሉት ድምፃቸው ወርዶ ነበር። ግን ይህን ጠረጴዛ ሲያጡ አባ ጥርስ ምን ይዘው ነው የሚያርፉት? አሮጊቷ ወደ ግራ ዞረች፣ አባ ጥርስ ላይ ደረሰች፣ ቆም አለች። ጉልበታቸውን አሸት አሸት አደረጉ። ባዶ ንፋስ ነፍሶባቸው አለፈ።

ከዚያ መሃል ደረሰች። እትዬ አፋቸውን ከፈቱ፦ "እኔ እኮ..."

ከጀርባ የሚቀመጥ ሰው ንፋስ አያገኝም፣ ተራም አያገኝም። አንድ ነገር ግን እጁ ሥር ነው። በአሮጊቷ ሞተር አናት ላይ ያለችው ቁልፍ። ስትጫኗት አንገቷ ይዞራል፤ ወደ ላይ ስትስቧት ባለበት ይቆማል። ሳብኳት። ቢራቢሮዋንም አላላሁና ጭንቅላቷን ዝቅ አደረግሁት፤ ቀጭ፣ ቀጭ። የእትዬ ሻሽ ብቻ ሳይሆን ቀሚሳቸውም እስከ እጅጌው ተውለበለበ።

አለቃ "ማን አቆማት?" አሉ።

"ጥርሷ ሳይሸረፍ አልቀረም" አልኩ።

አባ ጥርስ ማየቱ እንጂ መስማቱ አልደከማቸውም። "ጥርሷ ደህና ነው" አሉ። "ይተዋትና ሴትዮዋ ይናገሩ።"

እትዬም በዚህ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሐሳብ ከራሱ እስከ ጅራቱ ተናገሩ። "እኔ እኮ ከአባ ጥርስ ጎን ብቀመጥ፣ ዓይኔ ለሳቸው ይሆናል፣ እጃቸው ለኔ። ጠዋት ሽቦዬን እጠቀልላለሁ፣ ከሰዓት ጥርስ እማራለሁ። የትንኝ ቦታ ባዶ አይደር፤ እሳቸውም ቤት አይሂዱ። ትራሱን መልሱት፣ ይህን ስጡኝ።"

አለቃ ጭንቅላታቸው እንደ ልማዱ ግራ፣ ቀኝ ጀመረ፤ ግን መሃል ላይ ደክሞት ቆመ። "ሕግ ሕግ ነው፤ ተራዬ ሲደርስ እመልሳለሁ" አሉ። ቁልፏን ተጫንኩ፣ አሮጊቷ ወደ ቀኝ መዞር ጀመረች፣ ልትደርስባቸው ትንሽ ሲቀራት መብራት ጠፋ።

ከዚያን ቀን ወዲህ አለቃ ብርድ ይዟቸዋል። በዚህ ሙቀት! ላባቸው በአፍንጫቸው እየወረደ "አሮጊቷን አጥፏት፣ አንገቴን ታሳምመኛለች" ይላሉ። ተራው እንዳይደርሳቸው ነው፤ ማን ያጣዋል?

ክቡራትና ክቡራን፣ ላጠቃልል ነው። ነገ ጠዋት ስሄድ ይህ ቤት ከነድምፁ አብሮኝ ይሄዳል። የግራሶ ቅባቱ ሽታ፣ የመዳቡ ሽቦ ጥቅልል ላይ ሲሳብ የሚያሰማው ፉጨት፣ ከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ብሎኖቹ ላይ ስታርፍ። ኮሌጅ ውስጥ አስተማሪው ማራገቢያ ስንት ሞተር አለው ብሎ ሲጠይቅ የሁሉ እጅ ይወጣል፤ እኔ ግን ሦስት ጥርስ ትዝ እያለኝ እስቃለሁ፣ ከክፍል እወጣ ይሆናል።

እትዬ፣ እጅዎ አይዛል፤ ከእንግዲህ የጀመሩትን ሳይጨርሱ የሚያልፍዎ ንፋስ አይኑር። አባ ጥርስ፣ ጣትዎ የያዘው ሁሉ ይቅና፣ የቀሩትም ሦስቱ ይሰንብቱልዎ። እትዬ ልብስ ሰፊ፣ ግድግዳዎ ሙቀት ያግኝ፣ እርስዎ ቀዝቀዝ ይበልዎ። አለቃ፣ አጎቴ፣ የፈታታሁትን ዕቃ ሁሉ ይቅር ብለው ይህን ቤት ስለከፈቱልኝ ዕድሜ ይስጥዎ፣ በርዎ ከደንበኛ አይጉደል። እዚህ ያላችሁ ሁሉ ሰላም፣ ጤና፣ የማይጠፋ መብራት ይስጣችሁ።

አሁን የኔ ንፋስ በቃኝ። ተመልሼ ቦታዬ፣ ጀርባዋ ጋ ልቁም። ይኸው፣ ቀስ ብዬ በእጄ አዞርኳት። መሃሉን አለፈች። ወደ ቀኝ፣ ወደ ጫፉ። ቁልፏ እንደተሳበች ናት፣ አትንቀሳቀስም። መብራትም አለ።

አጎቴ፣ ንፋሱ እርስዎ ጋ ነው።

...

ቃል ካልወጣዎት ግድ የለም፤ ያደረጉትን ሁላችንም አይተናል። ያላዩ አንድ ሰው ብቻ ናቸው።

አባ ጥርስ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ዓይንዎ ልሁንና ልንገርዎ፦ አንገታቸው ወደ ጎን አልሄደም። ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ላይ ነው። ሁለት ጊዜ። መነጽርዎን ከኪስዎ ያውጡት፤ እትዬ ዱካቸውን ይዘው ወደ እርስዎ እየመጡ ነው።