ሦስተኛውን ጎን ለክተኸዋል?

ጋሼ እዚህ መሥሪያ ቤት የመጡ ቀን በእጃቸው የያዙት አሥራ ሁለት ቦታ የተቋጠረ ገመድ ብቻ ነበር። ዘበኛችን በር ላይ አስቁሞ፣ «አባት፣ በሬው የት አለ?» አላቸው። «በሬ የለኝም፤ ግንበኛ ነኝ» አሉት። ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጋሼ ገመዱ» ሆነው ቀሩ።

እኔ ያኔ ጀማሪ መሐንዲስ ነኝ፤ አንገቴን ገትሬ ነው የምሄደው። በአዲሱ የብረት ሜትሬ ገመዳቸውን ለካሁና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ገመድ ውሸታም ነው። ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ አንድ ሜትር ከሦስት ጣት ሆኗል» አልኳቸው። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ።

«ሁሉም ጋ ሦስት ጣት ነው የረዘመው?»

ለካሁ። «አዎ፣ ሁሉም ጋ።»

«ታዲያ ምን አጠፋ? እኔ የምፈልገው ጎኖቹ ሦስት፣ አራት፣ አምስት እንዲሆኑ ነው። በሜትር ለካኸው በእርምጃ፣ ሦስቱና አራቱ የሚገናኙበት ጥግ ዘጠና ዲግሪ ነው።»

ይሄን በቀመር ተምሬ ፈተና አልፌበታለሁ። የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

«ሦስተኛውን ጎን ለክተኸዋል?» ያላሉት ሰው እዚህ አለ? ፀሐፊያችን ላገባ ነው ስትላቸው እንኳ፣ «ሦስተኛውን ጎን ለክተሻል?» አሏት። «እሱ ደግሞ ማነው ጋሼ?» ብትላቸው፣ «አማትሽ!»

እሺ፣ አሁን ሳቁን ትንሽ አቁሙልኝ። ጋሼን የምታበሽቁበት የፈረሰ ግድግዳ አለ አይደል? ጥጉ ጠሞ፣ አራት ረድፍ ብሎኬት ከተደረደረ በኋላ የፈረሰው የመማሪያ ክፍል። ያን ጥግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በአንዱ በኩል ሦስት ሜትር ለካሁ፣ በሌላው አራት። ሦስተኛውን ጎን፣ ሰያፉን፣ ሳልለካ በዓይኔ ብቻ አየሁና ዘጠና ነው አልኩ። ከሰዓት ጋሼ ገመዳቸውን ሲዘረጉ፣ ረጅሙ ጎን ላይ ገመዱ አንድ ስንዝር አነሰ። አለቃችን መጥተው «ማነው ይሄን ያወጣው?» ሲሉ ሜትሬን ኪሴ ከተትኩ። «እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ። በዚያ ሳምንት ዋና ፎርማን ሊሆኑ ነበር፤ በዚያው ቀረ። በዓመቱ እኔ አደግኩ።

አንድ ቀን ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ ጠየቅኳቸው። «አንተ ገና ጀማሪ ሆነህ ብትባረር ሁለተኛ ሜትር አትይዝም ነበር። እኔ ፎርማን ሆንኩም አልሆንኩም ግንበኛ ነኝ» አሉኝ። እኔም ይሄን ሰምቼ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ።

አለቃችን እዚሁ ተቀምጠዋል፤ ይስሙኝ። ጥፋቱ የኔ ነበር። ጋሼ፣ እስኪ ቀና ይበሉ፣ አያቀርቅሩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰው ስላደረጉኝም አመሰግንዎታለሁ። ዛሬ ጠዋት ገመዱን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውልኝ እንደሄዱ አይቻለሁ። ነገ አዲሱን ሕንፃ ስንጀምር ጥጉን የማወጣው በእሱ ነው።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሡ! ጋሼ፣ ጤና ይስጥዎት፤ ጉልበትዎም ይረፍ፤ የልጅ ልጆችዎን ለመዳር ያብቃዎት። ቤት ሲገቡ እትዬ «ሽኝቱ እንዴት ነበር?» ካሉዎት፣ ያ ልጅ ዛሬ ሦስተኛውን ጎን ለካ ይበሏቸው።

ለጋሼ ገመዱ!