ለሁለት የተከፈለ መድኃኒት

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ለአንድ የመሬት ጉዳይ ውጫሌ ደርሼ ወደ ሐይቅ ከተማ ስመለስ፣ የተሳፈርሁበት ሚኒባስ ብዙ ሳይርቅ ጎማው ተነፈሰ። ሾፌሩ ጎማውን እስኪለውጥ ድረስ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ በመንገዱ ዳር ካለ አንድ ዛፍ ጥላ ሥር አረፈ። እኔም መቀመጫ ስፈልግ፣ በዕድሜ የሚቀራረቡኝ ሁለት ሰዎች ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

አንደኛው አቶ አስረስ፣ ሁለተኛው አቶ ዘይኑልአቢዲን ይባላሉ። በአርዲቦ ሐይቅ አጠገብ የሚያርሱ ጎረቤታሞች ሲሆኑ፣ ማሳቸውን የሚለየው አንድ ወሰን ብቻ ነው። አቶ አስረስ እንደ ነገሩኝ፣ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ከሥጋ በቀር የማይካፈሉት ነገር የለም፤ የአንዱ በሬ ቢታመም የሌላው ይጠመዳል፣ የአንዱ ዘር ቢያልቅ ከሌላው ጎተራ ይዘገናል። አብራቸው ያለችው ወጣት የአቶ ዘይኑልአቢዲን ልጅ ፈዲላ ነበረች። ውጫሌ ውስጥ በላቦራቶሪ ባለሙያነት የምትሠራ ስትሆን፣ የዕረፍት ቀኗን ከቤተሰቧ ጋር ልታሳልፍ ነበር የምትሄደው።

አቶ አስረስ ጠቆር ያለ ፈሳሽ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከጉያቸው አወጡ። ሥር ቀምሞ የሚሰጥ አንድ ሰው ለጨጓራቸው የሰጣቸው ነበር፤ ውጫሌ የመጡትም ለዚሁ ነው። ክዳኑን ሊከፍቱ ሲሉ ፈዲላ እጇን በእጃቸው ላይ አሳረፈች።

«ጋሼ አስረስ፣ ይህን ከመጠጣትዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከፋሲካ ወዲህ ስንት ኪሎ ቀነሱ?»

«እኔ በሬ ነኝ እንዴ የምመዘነው?» አሉና ፈገግ አሉ። ነገር ግን እጃቸው ሳይታወቃቸው ወደ ቀበቶአቸው ሄደ። በቀበቶው ላይ በምስማር የተበሱ ሁለት አዳዲስ ቀዳዳዎች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ረጅም ነበር። አቶ አስረስ የሐኪም መድኃኒት ለእሳቸው እንደማይሆን በሦስት ምክንያት አስረዱ። በመጀመሪያ፣ በግንቦት ወር ተመርምረው የጨጓራ ባክቴሪያ አለብህ ተብለው የአሥራ አራት ቀን ኪኒን ቢሰጣቸውም፣ ሕመሙ በክረምት ተመልሷል። ሁለተኛ፣ በአገሩ ይህ ባክቴሪያ የሌለበት ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም ግን አልሞተም። ሦስተኛ፣ በሰው ሆድ ውስጥ የሚጠቅሙ ተህዋስያን እንዳሉ በሬዲዮ ሰምተዋል፤ እንግዲያስ ምን ይሁን ተብሎ ይገደላሉ?

ልጅቷ አልተቆጣችም። የሰሙት እውነት እንደሆነ አመነችላቸው። ባክቴሪያው ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ካንሰር እንደማይዛቸው፣ በአንጀት ውስጥም ምግብ እንዲፈጭ የሚረዱ እጅግ ብዙ ተህዋስያን እንዳሉ፣ ስለዚህም ኪኒን ያለ ምርመራ እንደማይዋጥ ተናገረች።

«ግን ተመራማሪዎቹ ዛሬ የሚያዩት አንዱን ባክቴሪያ ብቻ አይደለም» አለች፤ «የሰፈሩን ሁሉ ነው። ጨጓራ በአሲዱ የታጠረ ማሳ ነው ይበሉ። ያ ባክቴሪያ ለብዙ ዓመት ሲቦረቡረው በአንዳንዱ ሰው ላይ ግድግዳው ይሳሳል፣ አሲዱም ይቀንሳል። አጥሩ ሲፈርስ የማንም ከብት ይገባል። በጨጓራ ካንሰር ሕመምተኞች ሆድ ውስጥ፣ ቤታቸው አፍ ወይም አንጀት የሆኑ ሌሎች ተህዋስያን ይገኛሉ። እነዚያ ሕመሙን ያመጡት ይሁኑ፣ ወይስ ሕመሙ መንገድ ከፍቶላቸው የገቡ፣ ገና እየተጠና ነው። የመጀመሪያውን አጥር አፍራሽ በጊዜ ማጥፋት አደጋውን እንደሚቀንስ ግን ታውቋል።»

 አቶ አስረስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ታላቅ ወንድማቸው ስለ ወንዱ ተረኩልን። ወንዱ ጨጓራ ነው ሲባል ሁለት ክረምት ከቆየ በኋላ፣ ጥቂት ጎርሶ ጠገብሁ ማለት ጀመረ፤ በመጨረሻም ደም አስታውኮ ሞተ። እኔም በዚህን ጊዜ የጠርሙሱን ምሥጢር የተረዳሁ መሰለኝ። ሰውዬው መድኃኒቱን የጠሉት መስለው ቢናገሩም፣ የፈሩት ምርመራው የሚናገረውን ነበር።

ፈዲላም ይህን የተረዳች ይመስላል፤ ደሴ ሄደው በጉሮሮ በሚገባው መሣሪያ እንዲታዩ በለሆሳስ ለመነቻቸው። እሳቸው ግን ወደ መጀመሪያው ነገር ተመለሱ።

«መድኃኒቱ ቢሠራ ኖሮ በመጀመሪያው ይሠራልኝ ነበር። አልሠራም።»

«አሥራ አራቱንም ቀን ዋጡት?»

አቶ አስረስ የጠርሙሱን ክዳን ማጥበቅ ያዙ። የመለሱት አቶ ዘይኑልአቢዲን ነበሩ፤ እስከዚያ ድረስ በበትራቸው መሬት ሲጭሩ ቆይተው ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ሰባቱን ቀን እሱ ዋጠው። ሰባቱን ቀን እኔ።»

ልጅቷ አባቷን ትክ ብላ አየቻቸው። እሳቸውም ሆዳቸውን ያቃጥላቸው እንደነበር፣ አስረስም እኔ እየዳንሁ አንተ አትታመምም ብሎ እሽጉን ከመካከል ቆርጦ እንደሰጣቸው ነገሯት።

«ልጅህ ላቦራቶሪ ተቀምጣ፣ በጎረቤት ኪኒን ትታከማለህ፣ አባዬ?»

«ወላሂ አፍሬ ነው» አሉ። «የገዛ ልጄን በዕቃ ሰገራ አምጥቼ ያዢልኝ ልበላት?»

አቶ አስረስ ሳይቀሩ ሳቁ። ፈዲላም ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ኋላ ግን ኮስተር ብላ እንዲህ አለች።

«መስጠትዎ ደግነት ነው፣ ጋሼ አስረስ። ነገር ግን ግማሹ ታርሞ ግማሹ የተተወ ማሳ ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። በሰባት ቀን ደካማው ይሞታል፤ መድኃኒቱን የለመደው ሥር ይሰዳል። አሁን በሁለታችሁም ሆድ ውስጥ ያ የለመደው ሳይኖር አይቀርም። የእርስዎን ሕመም አላዳኑም፤ የአባቴንም አክብደውት ይሆናል።»

ስለ ራሳቸው አደጋ ሲነገራቸው ያልተነቃነቁት ሰው፣ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ጎረቤታቸውን አዩ፤ ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብለው «አንቱስ ምን ይላሉ?» አሉኝ።

ሐኪም አለመሆኔን ነገርኋቸው። ነገር ግን ባየሁት እንድመክራቸው ከፈለጉ፣ የቀበቶው ቀዳዳ ሦስተኛ እስኪሆን መጠበቅ እንደማይገባቸው ጨመርሁ።

«ዘይኑ ከሄደ እሄዳለሁ» አሉ በመጨረሻ።

«አብሽር» አሉ አቶ ዘይኑልአቢዲን። «ቱቦውን አንተ ትውጣለህ፤ እጅህን ኢንሻአላህ እኔ እይዛለሁ።»

ጎማው ተለውጦ ሾፌሩ ጠራን። አቶ አስረስ ሲነሡ የጠርሙሱን ፈሳሽ በዛፉ ሥር ደፉት፤ ጠርሙሱን ግን ይጠቅማል ብለው ያዙት።

ሁለቱን መልሼ ያየኋቸው በጥር ወር፣ ሐይቅ ከተማ፣ ዓሣ ከሚሸጥበት ዳርቻ ነው። ነገሩን እየተቀባበሉ አጫወቱኝ። አቶ አስረስ ደሴ ታይተው ቁስል ተገኝቶባቸዋል። ከሥጋው ተቆንጥሮ ሲመረመር ካንሰር አልሆነም፤ ሆኖም የጨጓራው ግድግዳ መሳሳት በመጀመሩ፣ ሐኪሙ በቀጠረላቸው ጊዜ እየተመለሱ እንዲታዩ ታዘዋል። ሁለት ዓመት ቢዘገዩ ኖሮ ሌላ ነገር ይነግራቸው እንደነበር ሐኪሙ አልሸሸገም። አቶ ዘይኑልአቢዲንም ዓይናፋርነታቸውን ትተው ተመርምረዋል። ለሁለቱም ከቀድሞው የተለየ መድኃኒት፣ ለየራሳቸው ታዘዘላቸው። መድኃኒቱ ካለቀ ከወር በኋላ በድጋሚ ተመርምረው ባክቴሪያው ጠፍቷል። በየቤታቸውም ውሃ አፍልቶ መጠጣትና ከመጸዳጃ መልስ እጅን በሳሙና መታጠብ ተለምዷል።

ከዚህ ታሪክ አንባቢ እንዲያስተውልልኝ የምሻው፣ አቶ አስረስን ለአደጋ የዳረጋቸው ክፋት ወይም ስንፍና አለመሆኑን ነው። የዳረጋቸው በአገራችን ከምንኮራባቸው ጠባዮች ሁሉ የላቀው፣ ያለውን ከጎረቤት ጋር መካፈል ነው። መልካሙ ልማድ ይቀጥል፤ መድኃኒት ግን ለተመረመረው ሰው ሆድ ተለክቶ የሚሰጥ ነውና ለሁለት አይከፈልም። ጎረቤቱን የሚወድ፣ ኪኒኑን ከሚሰጠው ይልቅ እጁን ይዞ ወደ ምርመራ ይውሰደው።

አዲሱን መድኃኒት በወሰዱባቸው አሥራ አራት ቀናት ሁለቱ ሰዎች ማታ ማታ ከእርሻ ሲመለሱ በወሰኑ ላይ እየተገናኙ፣ አንዱ ሌላው ሲውጥ ያይ ነበር አሉ። በመጨረሻው ቀን አቶ አስረስ ባዶውን የኪኒን እሽግ ለጎረቤታቸው አሳዩ።

«ይኸውልህ ዘይኑ» አሉ፤ «በዕድሜዬ ከሥጋ በቀር ለአንተ ሳላካፍል ብቻዬን የጨረስሁት ነገር ይህ ብቻ ነው።»